ለጋሪ መንገድ፣ ለሰው ቦይ

ሐርጌሳ ከዙሁር በኋላ ትተኛለች፤ ኸይሩ ግን ዓይኑ አልከደን ካለው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በትልቁ ሱቅ የኋላ መጋዘን፣ በሩዝ ጆንያና በወተት ዱቄት ካርቶን መካከል፣ መሬት ላይ በዘረጋው ወፍራም ካርቶን ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። ቆርቆሮው ፀሐይ በበላው ቁጥር ቋ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ቋ። ሱቁ እስከ አሱር ሶላት ተዘግቷል። መኪኖቹ የሉም፣ አስፋልቱ ብቻውን ይቃጠላል፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ከአትክልት ማቀዝቀዣው አጠገብ ተደርድረው ያንኮራፋሉ፤ የሚሰማው ቅናት አይደለም፣ ንቀት ነው፤ ሰው እዚህ እንዴት ይተኛል? ሌሊት ሌሊትማ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በተከራያት ክፍል እንደ በድን ነው የሚወድቀው፣ ሕልም እንኳ አያይም፤ ይቺ የቀትር ሰዓት ስትመጣ ግን ነገሩ ሁሉ እንደ ጉንዳን ከየስንጥቁ እየወጣ ይሄድበታል። ዛሬ ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ከአሱር በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ስለ ራሕሞ ሊጠይቁት። በደረት ኪሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት አለ፤ ከታች የእሱን ስም ጽፈው ለፊርማው መስመር አስምረውለታል። ስሙን እንኳ በትክክል አልጻፉትም።

ይህን ሱቅ ያሠራ ሰው፣ ይላል በሆዱ፣ በዕድሜው እግር ያለው ፍጡር አይቶ አያውቅም። ሚኒባሱ መሐመድ ሞጌ ሰፈርን አልፎ፣ ቤቶቹ ሳስተው አቧራው ሲጀምር፣ ከሰፊው አስፋልት ማዶ አራግፎህ ይዞራል። ከዚያ በራስህ ነው። ማቋረጫ የለም፤ መሪያቸው በቀኝ የሆነ የጃፓን መኪኖች እየበረሩ ሲያልፉ ቢስሚላህ ብለህ ትሮጣለህ። ተሻገርክ? ቦይ ይጠብቅሃል፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ በዝናብ ጊዜ ጎርፍ በበጋ ጊዜ ፌስታል የሚሞላው። ቦዩን ወርደህ ወጣህ? አረንጓዴ የተቀባ አጥር። በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ቦዩን ካልደፈርክም በአስፋልቱ ዳር ከመኪና እየተጋፋህ፣ ሦስት መቶ ሃያ እርምጃ፣ ቆጥሮታል፣ ከዚያ አንድ በር፤ እሱም የመኪና። የሰው በር የለም። መኪና ከሚገባበት አፍ መግባት፣ መኪና ከሚወጣበት አፍ መውጣት። ውስጥ ሁለት መቶ መኪና የሚያሳድር ሜዳ ተነጥፏል፤ ኸይሩ እዚህ ከተቀጠረ ጀምሮ ሠላሳ ሞልቶበት አያውቅም። የበሩ ጠባቂ ዓብዲዓዚዝ በሬዲዮው «ሦስት ሉግ፣ ሦስት ሉግ» ይላል፣ በእግሩ የሚመጣ ሰው ሲያይ። ሉግ በሶማሊኛ እግር ማለት ነው። በመኪና የመጣ ደንበኛ ነው፤ በእግሩ የመጣ እግር ነው። ከሜዳው እስከ ሱቁ ደጃፍ ደግሞ አንድ ለስላሳ መወጣጫ ተሠርቷል፣ የማያንሸራትት፣ ጠርዙ ቢጫ የተቀባ፣ በልክ የተዳፋ፤ የገበያው ጋሪ እንዳይንገጫገጭ። ኸይሩ መጀመሪያ ቀን ይህን አይቶ ምራቁን ሊተፋ ፈልጎ ዋጠው። ሠርቶታል ማለት ነው። መንገድ መሥራት ያውቃል ማለት ነው ይሄ ሰው። ለጋሪ ሠርቶ፣ ለሰው ቦይ ትቶ።

እሱ ደግሞ መንገድ ያውቃል። ባቲ ተወልዶ፣ በኮምቦልቻና በደሴ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ያነጠፈ ሰው ነው። ሲባጎ ወጥሮ፣ ገረጋንቲውን ደልድሎ፣ በውኃ ልክ ሳያይ በተረከዙ ብቻ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚነግርህ ኸይሩ ነበር። የመንደር አሮጊት ወተት በቅል ይዛ ሳይፈስባት የምትሄድበትን ዳገት ነው ያነጠፈው። ሥራው ቆመ፣ የድንጋይ አንጣፊዎቹ ማኅበር ተበተነ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲያ ቤቱም ቤት አልሆን አለው፤ ልጁን ሱሀይላን ለእህቱ ሰጥቶ፣ በጅግጅጋ አድርጎ በዋጃሌ ድንበር ሐርጌሳ ገባ። ስድስት ዓመት። አሁን ሥራው ጋሪ መሰብሰብ ነው። ሰዎቹ ዕቃቸውን መኪናቸው ላይ ጭነው ጋሪውን ባሉበት ጥለውት ይሄዳሉ፣ አንዳንዱም ሞተሩን አስነስቶ በጋሪው ገፍቶት ያልፋል፤ ኸይሩ እየዞረ ይለቅማል፣ አሥራ ሁለቱን ሰካክቶ እየገፋ በዚያች በተረገመች ለስላሳ መወጣጫ ይወጣል። ለሀገር ቤት የነገራቸው ግን ሱፐርቫይዘር ነኝ ብሎ ነው። ምን እንደሚቆጣጠር ጠይቆት የሚያውቅ የለም። እናቱ የሞተች ቀን፣ ከተቀጠረ በአራተኛው ቀን ነበር፣ ድንበሩ ተዘግቷል ብሎ ደወለ። ድንበሩ አልተዘጋም ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ፈርቶ ነው። ፈቃድ! ከማን? ከጋሪ?

ራሕሞን ያወቃት ግን ዘንድሮ ነው። ሰባ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ከዘራዋን ከመመርኮዝ ይልቅ ለመጠቆም የምትጠቀምባት ሴት። ልጆቿን ድሬዳዋ ነው ያሳደገችው፤ በጦርነቱ ጊዜ ተሰዳ ሃያ ዓመት ኖራለች፤ አማርኛዋ ከእሱ ይፈጥናል። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። ባሏ አደን የከባድ መኪና ሾፌር ነበረ፣ ግማሽ ጎኑ ከደረቀ አራት ዓመቱ፤ የምትገዛው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የአዋቂ ዳይፐር። ሰፈሯ ያለው ትንሽ ሱቅ ድሮ ያመጣላት ነበር፤ ትልቁ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ትንሹ ከሰረና ዘንድሮ ተዘጋ። እንግዲህ የግዷን ነው። መጀመሪያ ያያት ዕለት ከቦዩ ውስጥ አንገቷ ብቻ ብቅ ብሎ ነበር። ጋሪውን ትቶ ሮጦ ሄዶ እጇን ሳበ። በአማርኛ «ያረቢ!» ብሎ ሲያምጥ ሰምታው፣

«አንተ ሐበሻ ነህ እንዴ? ቀስ በል፣ እጄን ልትነቅለው ነው» አለችው።

«ኤዶ፣ በዚህ አይመጣም እኮ፤ አደገኛ ነው።» ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ እዚህ ትልቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ናት።

«በየት ልምጣ ታዲያ? በራሪ ነኝ?» ልብሷን አራገፈች። «ድሬዳዋ፣ ከዚራ እያለሁ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር የምሄደው። እዚህ ሀገሬ ገብቼ በጉድጓድ እሄዳለሁ። ሱቅ ነው ወይስ ወህኒ ቤት?»

በዚያው ሳምንት ነው ወደ ቢሌ የገባው። ቢሌ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ውጭ ሀገር ሃያ ዓመት ኖሮ የተመለሰ፣ በጋም ክረምትም ኮት የሚለብስ፤ ቢሮው ስለሚበርድ። ግድግዳው ላይ ሱቁ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ተሰቅሏል። ከላይ ሲታይ ያምራል፣ እውነት ነው፤ ግን ከላይ የሚያየው አሞራ ብቻ ነው። ኸይሩ በተሰባበረ ሶማሊኛው አስረዳ፣ ለእግረኛ በር፣ በቦዩ ላይ መሻገሪያ፣ ብዙ አይፈጅም፣ እኔው እሠራዋለሁ። ቢሌ ከስልኩ ቀና ሳይል «የእኛ ደንበኛ በመኪና ነው የሚመጣው» አለው። «በእግር የሚመጡም አሉ» ሲለው፣ «እነሱ ደንበኛ አይደሉም፣ ትራፊክ ናቸው» ብሎ ሳቀ፤ የሳቀው በገዛ አባባሉ ተደስቶ ነው። ያን ሳቅ ኸይሩ አሁንም ጣሪያው ላይ ያየዋል። ሃያ ዓመት ውጭ ኖረህ ይህን ተምረህ መጣህ? ሰውየው ራሱ ከመኪናው እስከ ቢሮው አሥራ ስምንት እርምጃ ነው የሚራመደው፣ እሱኑ እያለከለከ።

እናም ኸይሩ ሠራው። ማንንም አልጠየቀም። ከግንባታው የተረፈ ድንጋይ ከአጥሩ ውጭ ተከምሮ ነበር፣ ማንም የማይፈልገው። በሁለት ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ መዶሻ ተውሶ፣ ቦዩ ውስጥ በዚህ በኩል አምስት ደረጃ፣ በዚያ በኩል አምስት ደረጃ፣ መሀል ላይ ውኃ እንዲያሳልፍ ክፍተት ትቶ። አጥሩ ከቦዩ ማዶ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተብሎ የተተወ ስንጥቅ ነበረው፣ አንድ ሰው በጎኑ የሚያሳልፍ፤ ከደረጃው እስከ ስንጥቁ ጠጠር ደለደለ። ደረጃውን ዝቅ ዝቅ አድርጎ ነው የሠራው፣ ለአሮጊት ጉልበት። ድንጋዩ ድንጋዩን ሲይዝ የሚሰማውን ድምፅ ስድስት ዓመት አልሰማውም ነበር፤ እጁ አልረሳም፣ ወላሂ እጅ አይረሳም። ዓብዲዓዚዝ መጥቶ ከላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ቢሌ ያውቃል?» አለው። «አያውቅም።» «እኔም አላየሁም» ብሎ ሄደ። ያን ቀን ዓብዲዓዚዝን አልናቀውም፤ ለአንድ ቀን።

ራሕሞ በማግስቱ ስትመጣ ቆማ አየችው። በከዘራዋ አንደኛውን ደረጃ መታች፣ ሁለተኛውን መታች፣ ወረደች፣ ወጣች። አላመሰገነችውም። «ሦስተኛው ትንሽ ይነቃነቃል» አለችው። አስተካከለው። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ሰው ሁሉ በዚያ አለፈ፤ ከሚኒባስ የሚወርዱ ሴቶች፣ ዘይት ተሸካሚዎች፣ ራሳቸው የሱቁ ሠራተኞች። ማንም ማን እንደሠራው አልጠየቀም፣ ጥሩ መንገድ እንዲህ ነው፣ የበቀለ እንጂ የተሠራ አይመስልም። እሱም በቀትር እዚችው ካርቶን ላይ እንደ ሕፃን ይተኛ ነበር።

በሃያኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ቢሌ ጠራው። ከመኪናው መስኮት ነው ያየው፤ ያውም ፍየል በስንጥቁ ገብታ አበባ ስትበላ ፎቶ የላኩለት ሰዎች ባይኖሩ አያይም ነበር። «አንተ ነህ?» «እኔ ነኝ።» «ማን ፈቀደልህ? ይሄ ከባለሀብቶቹ ዲዛይን ውጭ ነው። ሰው ቢወድቅበት ሊያቢሊቲው የማን ነው?» ኸይሩ ቃሉን አያውቀውም፤ ግን የሰውየው አፍ ላይ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያያል። «አፍርሰው። ስንጥቁን ሌሎች ይደፍኑታል።» ኸይሩ መናገር ነበረበት። ይናገራል፣ አሁን፣ እዚህ ካርቶኑ ላይ ተንጋሎ ስንት ነገር ይናገራል፣ ቢሌ ኮቱን አውልቆ እስኪያለቅስ ድረስ ይናገራል። ያን ዕለት ግን «እሺ» ነው ያለው። የመኖሪያ ወረቀቱ በሱቁ ስም ነው የወጣው፤ ክረምቱ ሊገባ ነው፤ «እሺ» አለ፣ መዶሻውን ተዋሰ፣ ከሰዓት ጀምሮ ሳይመሽ ጨረሰ። ለመሥራት ከፈጀበት ለማፍረስ የፈጀበት ያንሳል። ድንጋዮቹን መልሶ ከመራቸው፣ በሥርዓት፣ ትልቁን ከታች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሜዳው ላይ አሥራ ሁለት ጋሪ እየገፋ ነው። በአጥሩ ክፍተት፣ ያኔ ገና አልደፈኑትም፣ ራሕሞን ከቦዩ ማዶ ያያታል። ቆማለች። ደረጃው የነበረበትን ባዶ ትመለከታለች፣ በከዘራዋ አየሩን ትነካለች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ሜዳው ታያለች፣ ምናልባት እሱን ፍለጋ። ቢጠራት ይሰማት ነበር። ቆይ ኤዶ፣ መጣሁ፣ ማለት ብቻ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ከጋሪዎቹ ጀርባ ቀበረ። አፍሮ ነው። ዓይኗን ሽሽት ጎንበስ ብሎ አንድ የማይሽከረከር ጎማ ይነካካል፣ ምንም ያልሆነ ጎማ፣ ይነካካል፤ ቀና ሲል የለችም። በቦዩ ዳር ሦስት መቶ ሃያዋን እርምጃ ይዛለች። በመኪናው በር ነው የገባችው። የሱቁ የራሱ ዕቃ ማመላለሻ ፒካፕ ወደኋላ እየወጣ ነበር፣ መሪው በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ ዓብዲዓዚዝ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራል። ኸይሩ ድምፁን ሰማ፤ ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ጋሪዎቹን ለቀቃቸው፣ በለስላሳው መወጣጫ ወደ ኋላ ተንሸራተው ሜዳው ላይ ተበተኑ፣ እሱ ሮጠ። ባዶ ፌስታሏን እንደጨበጠች ነበር። «ዳሌዬ» አለችው በአማርኛ፣ ከዚያ በሶማሊኛ ብዙ ተሳደበች፤ ስትሳደብ ሰምቶ ነው በሕይወት መኖሯን አምኖ የተቀመጠው። ቢሌ ሮጦ ወጣ፣ ኮቱን ይዞ። መጀመሪያ ያየው የፒካፑን የኋላ መብራት ነው።

እና ይኸው ቢሌ ፈርም ብሎ የሰጠው ወረቀት። ትናንት ለአንዱ ካሸር ሰጥቶ አስነብቦታል። «ግለሰቧ ከተፈቀደው የእግረኛ መተላለፊያ ውጭ ስትንቀሳቀስ አይቻለሁ» ይላል። የተፈቀደው መተላለፊያ! ኸይሩ ካርቶኑ ላይ ብቻውን ሳቀ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ከተኙት አንዱ ተገላበጠ። የትኛው? በየት በኩል? አፍርሰው ያልከኝ ነው ወይስ ያልሠራኸው? እንዲህ ያለ ውሸት ለመጻፍ እኮ ኮት መልበስ ያስፈልጋል፣ በባዶ ደረት አይጻፍም።

ስልኩ ነዘረ። ሱሀይላ ናት፣ ደሴ ነርስነት ትማራለች፣ በምሳ ሰዓቷ ነው የምትደውለው። ተነሥቶ በጆንያዎቹ መሀል ወደ ኋላ በር ሄደ።

«አባ፣ ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩህ?»

«አልተኛሁም ልጄ።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል? አሞሃል እንዴ?»

«ሱሀይላ፣ እኔ ሱፐርቫይዘር አይደለሁም። ጋሪ ነው የምሰበስበው፣ ሰዎቹ ሜዳ ላይ የሚጥሉትን።» ለምን አሁን እንዳወጣው አያውቅም። አፉ ቀድሞት ነው።

«አውቃለሁ እኮ» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«የሰፈራችን ዘይኑ፣ ለዕቃ ሐርጌሳ መጥቶ አይቶህ ነበር። ዓመት አለፈው። ሰላም እንዳይልህ አፍሮ ተመለሰ።»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ስታወራው ደስ ይልሃላ።»

ያረቢ። ዓመት ሙሉ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ሠራተኞቹ ስንፍና፣ ስለ ጠረጴዛው ሲያወራላት፣ እሷ እህ፣ እህ እያለች። የእናቱን ቀብርና የድንበሩንም ነገር ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱን ግን ዋጠው፣ ሁለት ውርደት በአንድ ቀትር አይቻልም። «ዛሬ ምናልባት ከሥራ ያስወጡኛል» ብቻ አላት። «ምን አጠፋህ?» «እስካሁን ምንም። ገና ነው።» «አብሽር አባ» አለችው፣ የአያቷን ድምፅ በሚመስል ድምፅ፤ እንዲህ ሆነው ልጆች ያሳዝኑሃል፣ ባልነበርክበት ጊዜ ያድጋሉ። ስልኩ ሲዘጋ የአሱር አዛን ተጀምሮ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው፣ ከራሕሞም ከሱቁም ወገን፤ በሚኒባስ ነው የመጡት። የራሕሞ ልጅ ሳጋል አብራቸው አለች፣ ድሬዳዋ የተማረች፣ ለኸይሩ እንድታስተረጉምለት። ኸይሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃቸው፣ እናም በእነዚያ ሰዎች ላይ የደረሰውን በዓይኑ አየ። ሰፊውን አስፋልት እያነከሱ ተሻገሩ፤ ከመካከላቸው ትልቁ፣ ጢሙን ሂና የተቀባው፣ ቦዩ ዳር ቆሞ ታች አየ፣ አጥሩን አየ፣ አሁን ሲሚንቶ የተሞላውን ስንጥቅ አየ። ከዚያ ሁሉም ዞረው በቦዩ ዳር መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ላንድክሩዘር ጥሩምባውን ነፋባቸውና አጥሩ ላይ ተለጠፉ። ዓብዲዓዚዝ በልማዱ ሬዲዮውን አነሣ፤ «አምስት ሉግ በበሩ።»

ትልቁ ሽማግሌ ቆመ። «ምን አልክ?»

ዓብዲዓዚዝ ሬዲዮውን ወደ ጀርባው ደበቀው፣ እንደ ሕፃን።

ቢሌ በሜዳው ጥላ ወንበር አስደርድሮ፣ የታሸገ ጭማቂ አስቀርቦ፣ በፈገግታ ነበር የተቀበላቸው። ብዙ ተናገረ። ሱቁ በሕጉ መሠረት የተሠራ ነው፣ መተላለፊያ አለው፣ እማማ በጣም ያሳዝናሉ ግን ከመተላለፊያው ውጭ ነበሩ፣ ምስክር አለን። ሽማግሌው ጭማቂውን አልነካም። «እኛ አሁን የመጣንበት ነው መተላለፊያው?» ብሎ ጠየቀ። ቢሌ ሳል ነገር ያዘው። ከዚያ ኸይሩን ጠሩት።

ቆመ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ሽማግሌው ጉልበት ላይ አስቀመጠው። «አልፈረምኩበትም» አለ በአማርኛ፣ ሳጋል እየተቀበለች። «መተላለፊያ ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አምስትና አምስት ደረጃ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሰው ሄዶበታል፣ ማንም አልወደቀበትም። ይሄ ሰውዬ አፍርስ አለኝ፤ አፈረስኩት። በዚህ እጄ። ድንጋዩ እዚያ ተከምሯል፣ ሂዱና እዩት፣ ስንጥቁ የተደፈነበት ሲሚንቶም ገና እርጥብ ነው። ራሕሞ የምትመጣበት ቀን ቅዳሜ እንደሆነ አውቅ ነበር። ያን ዕለት ቆማ ስትፈልገኝም አይቻታለሁ፤ ተደብቄያታለሁ።» ሳጋል የመጨረሻውን ከመተርጎሟ በፊት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተረጎመችው፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ።

ቢሌ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ማንም አልመለሰለትም። ሽማግሌው ኸይሩን «እንግዲህ እዚህ የምትውል አይመስለኝም» አለው፤ ማዘን የሌለበት፣ መናቅም የሌለበት አነጋገር ነበር። «አይመስለኝም» አለ ኸይሩም። ቢሌ ሽማግሌዎቹ ሳይነሡ አሰናበተው፤ ያውም የደንብ ልብሱን እዚያው አውልቅ ብሎ። አወለቀ። በካናቴራ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ በመኪናው መውጫ መሀል መሀሉን ይዞ ሄደ። ከኋላው አንዱ ጥሩምባ ይነፋል። ኸይሩ አልተጠጋም፣ አልፈጠነም፣ ዞሮም አላየም፤ ከኋላው ሁለተኛው ተጨመረ፣ ሦስተኛው፤ ይንፉ፣ ይፈንዱ፣ መሬት የመርገጥ ወግ ከጠፋባቸው እሱ ያስተምራቸዋል፤ አስፋልቱ እስኪደርስ እንደ ሙሽራ አጃቢ አሰልፎ አስከትሏቸው ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ሕክምናዋን ሱቁ ይችላል፣ አጥሩ ይከፈታል አሉ። ተከፈተም። በሳምንቱ አንድ ጠባብ የብረት በር ተሠርቶ፣ ቢሌ በበሩ ውስጥ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ማኅበረሰባችንን እናከብራለን የሚል ተጽፎበት በየስልኩ ዞረ። ቦዩ ላይ ግን ማንም ምንም አላስቀመጠም። በሩ አለ፤ በሩ ጋ የሚያደርስህ የለም። ኸይሩ አሁን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ቤት ግቢ ድንጋይ ያነጥፋል፣ የቀን ሥራ ነው፤ ያን ፎቶ ሰው ሲያሳየው እንኳ አልተናደደም፣ ከእነዚህ ሰዎች ሌላ ምን ትጠብቃለህ ብሎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። የመኖሪያ ወረቀቱ በምን እንደሚታደስ አያውቅም።

ራሕሞ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ በገባች በማግስቱ ሊጠይቃት ሄደ። አንዲት ክፍል ናት፤ ባሏ አደን በአንደኛው አልጋ፣ እሷ በሌላው፣ መሀላቸው አንድ በርጩማ። ሳጋል አስገብታው ወጣች። ኸይሩ ምን እንደሚላት መንገዱን ሙሉ ሲያስብ ነበር የመጣው፤ እሷ አላስጀመረችውም።

«ሳጋል ነገረችኝ። አንተ ነህ አሉ ያፈረስከው።»

«እኔ ነኝ ኤዶ።»

«መቼ አዘዘህ?»

«ረቡዕ።»

«መቼ ጨረስክ?»

«ረቡዕ ዕለት። ሳይመሽ።»

ከዘራዋን ከአልጋው አጠገብ አንሥታ ደረቱን ጠቆመችው። «እኔ የመጣሁት ቅዳሜ ነው። ሠራህልኝ፣ እሺ። አፍርስ አለህ፣ እሺ፣ እንጀራህ ነው፣ ገብቶኛል። ግን አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ማዘግየት አቃተህ? ወገቤን አመመኝ አይባልም? መዶሻው ተሰበረ አይባልም? አንድ ደረጃ አፍርሰህ ቁጭ አይባልም? የት ሀገር ነው ያደግከው?»

ኸይሩ መሬት መሬቱን አየ። ይህን ጥያቄ በዚያ ሁሉ ቀትር ራሱን ጠይቆት አያውቅም። ስለ ቢሌ ስንት ነገር ሲያስብ፣ ስለ ኮቱ፣ ስለ አሥራ ስምንት እርምጃው፤ ይሄ አንዴ እንኳ አልመጣለትም። መልሱ ግን እዚያው ነበር፣ ከጥርሱ ኋላ፣ ሲጠብቀው።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነህ እንዲለኝ ነው» አላት።

«አለህ?»

«ፍርስራሹን ለምን በደንብ አልጠረግክም ነው ያለኝ።»

ራሕሞ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ከሆዷ የሆነ ነገር ተነሣ፣ ሊያስለቅሳት ነው ብሎ ፈራ፣ ሳቅ ነበር። ሳቀች፣ ዳሌዋን ያዘች፣ «ኧረ ባክህ፣ አታስቀኝ፣ አንተ የተረገምክ» አለች፣ እንደገና ሳቀች። ከወዲያኛው አልጋ አደን በተያዘ ምላሱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። በሶማሊኛ ነገረችው። እሱም በግማሽ አፉ መሳቅ ጀመረ። ኸይሩ በሁለቱ አልጋ መሀል በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀ። ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም።